የአጽናኝ ሰው መንገድ፤ ስለ ሕይወት ፍጻሜና ስለ ሥነ ፍጥረት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የማቀርብላችሁ ነገር ሁለት ዐይነት ሰዎችን እንደማያስደስት አስቀድሜ ዐውቃለሁ። አንደኛው፥ በታመመ ሰው አጠገብ ሞትን በስሙ መጥራት ሞትን ራሱን ከደጅ ጠርቶ ማስገባት የሚመስለውና «አታሟርት» ብሎ ነገሩን ገና ሳይጀመር የሚዘጋው ሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሁሉ ያለ ሐኪምና ያለ መድኀኒት የሚፈወስ የሚመስለው፥ ቅጠሉንና ነፋሱን እንደ ሸቀጥ የሚያወድሰው ሰው ነው። እኔ ግን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሆኜ፥ የሕይወቱ ፍጻሜ ለቀረበበት ሰው የሚመክርና የሚያጽናና አማካሪ፥ ሥነ ፍጥረትን ማለት ሰማዩን፥ ዕፅዋቱን፥ አዕዋፉንና አፈሩን የሥራው ረዳት አድርጎ የሚይዝበት ጥበብ ከየት እንደ መጣ፥ ምን ለማድረግ እንደሚችልና ምን ለማድረግ እንደማይችል ልናገር አስቤአለሁ።

ሰው ወደዚህ ሥራ በምን መንገድ ይደርሳል ብሎ ለሚጠይቅ፥ የሥራውን ደንብ ከመዘርዘር ይልቅ መንገዱ ገና ባልተጠረገበት ዘመን የተጓዘችበትን የአንዲት እንግሊዛዊት ሴት ታሪክ መተረክ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ደንቡ ከታሪኩ ውስጥ ራሱ ይወጣልና። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሲስሊ ሳንደርስ በ1918 በለንደን ሰሜናዊ ዳርቻ ባርኔት በተባለው ስፍራ ኑሮው ከተመቸው ቤተ ሰብ ተወለደች። በኦክስፎርድ የፖለቲካ፥ የፍልስፍናና የኤኮኖሚ ትምህርት ጀምራ ሳለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢነሣ፥ አገር በእሳት ሲነድ መጽሐፍ ገልጦ መቀመጥ ኅሊናዋ ስላልፈቀደላት፥ በ1940 ትምህርቷን አቋርጣ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ወደሚገኘው፥ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ወዳቋቋመችው የነርሶች ትምህርት ቤት ገባች። ነርስነቱን እጅግ ወደደችው፤ ዳሩ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ደኅና ያልነበረው ጀርባዋ ሕሙማንን ማንሣትና ማጋደም ስላልቻለ፥ ሐኪሞቹ ከሥራው እንድትወጣ አስገደዷት። ወደ ኦክስፎርድ ተመልሳ ትምህርቷን ከፈጸመች በኋላ የመረጠችው ሥራ፥ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ስለ ሕሙማን ኑሮ የሚጠይቅ፥ የሚመክርና የሚረዳ፥ ዛሬ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የምንለው ሰው ሥራ ነበረ። ሐኪሙ ቊስሉን ሲመረምር፥ እርስዋ ደግሞ ቊስለኛው የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍልለት፥ ልጆቹን ማን እንደሚያበላለት፥ ከሆስፒታል ሲወጣ ወዴት እንደሚገባ ትጠይቅ ነበር። የአማካሪነት ሕይወቷ የጀመረው እንግዲህ እንዲህ ባለው ተራ ጥያቄ ነው፤ እኔም በዚህ ሙያ ለመሰማራት የሚፈልጉ ወጣቶች ከረቂቁ የነፍስ ምርምር በፊት ይህን ተራ ጥያቄ መጠየቅ ቢለምዱ እመርጣለሁ።

በ1947 ከምትረዳቸው ሕሙማን አንዱ ዴቪድ ታስማ የተባለ፥ ከዋርሶ የመጣ የፖላንድ አይሁዳዊ ስደተኛ ነበረ። በምግብ ቤት አስተናጋጅነት ይኖር የነበረ፥ ዕድሜው ገና በአርባዎቹ መግቢያ የነበረ፥ በነቀርሳ የተያዘና በለንደን ዘመድ የሌለው ሰው ነው። ሕመሙ እንደማይድን ባወቀ ጊዜ ከሞቱ ይበልጥ ያስጨነቀው፥ በዚህ ዓለም ኖሮ ያለ ምንም ምልክት ማለፉ ነበር። ሳንደርስ በተኛበት ሆስፒታል እየተመላለሰች ስትጠይቀው፥ ሁለቱም በመካከላቸው አንድ ነገር ሲያወጡና ሲያወርዱ ከረሙ፤ ይኸውም እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች፥ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም ብለው ከተዋቸው በኋላ፥ ሥቃያቸው የሚታገሥበትና እንደ ሰው የሚታዩበት ቤት ቢኖር ምን መምሰል እንዳለበት ነው። አንድ ቀን የሚያጽናና ነገር እንድትነግረው በለመናት ጊዜ፥ በእኛ ዳዊት 22ኛ፥ በእንግሊዞቹ ደግሞ 23ኛ የሆነውን መዝሙር በቃሏ ደገመችለት፤ ከዚያም ከመጽሐፉ ሌላ ላንብብልህ ወይ ብትለው፥ የሚፈልገው በእርስዋ በራሷ አእምሮና ልብ ውስጥ ያለውን ብቻ መሆኑን ነገራት። በየካቲት 1948 ሲሞት አምስት መቶ ፓውንድ ተናዘዘላት፤ በምታሠሪው ቤት ውስጥ እኔ መስኮት እሆናለሁ የሚል ቃልም ተወላት።

አድማጮቼ ሆይ፥ በዚህ ኑዛዜ ላይ ጥቂት ልቈይ። ሰውየው ገንዘቡን ለአልጋ ወይም ለመድኀኒት ሊለው ይችል ነበር፤ መስኮት ያለበትን ምክንያት የተረጐመልን ሰው ስለሌለ ሁሉም እንደ ልቡ ይፈታዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን በብዙ ሕሙማን መካከል በአንድ አዳራሽ ተኝቶ ሞቱን የሚጠብቅ ሰው፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐድልበት ነገር ከውጭ ያለው ዓለም ነው፤ ዝናም መዝነሙን፥ ፀሓይ መውጣቷን፥ መንገደኛ ማለፉን ማየት፥ ዓለሙ ገና የእርሱም እንደ ሆነ ያሳውቀዋልና። ሳንደርስም መስኮቱን ከተቀበለች በኋላ ቤቱን በዙሪያው ለመሥራት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባት።

ይህን ያህል ዘመን የፈጀው ገንዘብ በመለመን ብቻ አልነበረም። ስለ ሟቾች ሕሙማን የምትለውን ሐኪም የሚሰማት ስላልሆነ፥ አብራው ትሠራ የነበረው ኖርማን ባሬት የተባለ የታወቀ የደረት ቀዶ ሕክምና ሐኪም፥ በሞት አፋፍ ያሉትን ሰዎች ጥለዋቸው የሚሄዱት ሐኪሞች ራሳቸው ናቸውና ሄደሽ ሕክምና ተማሪ ብሎ መከራት። ሠላሳ ዓመት አልፏት፥ ሁለት ሙያ ካወቀች በኋላ፥ በ1951 ከወጣት ተማሪዎች ጋራ ተቀምጣ ሕክምና ጀመረች፤ በ1957ም ሐኪም ሆና ወጣች። ነርስነትን፥ አማካሪነትንና ሐኪምነትን በአንድ ሰው ላይ ያገናኘው እንግዲህ ዕቅድ ሳይሆን፥ በየደረሰችበት የተዘጋ በር ነበር።

በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ፥ ሞርፊንን ሥቃዩ እስኪበረታና ሕመምተኛው እስኪጮኽ ጠብቆ በመርፌ መስጠት ነበር፤ ሱስ እንዳይሆንበት በሚል ፍርሃት፥ የመሞቻው ሳምንት የደረሰ ሰው እንኳ ሰዓት እየቈጠረ እንዲለምን ይደረግ ነበር። ሳንደርስ ግን ገና ሐኪም ሳትሆን ከሥራዋ በኋላ በፈቃደኝነት ታገለግልበት በነበረው፥ በቤይስዎተር በሚገኘው በቅዱስ ሉቃስ የሕሙማን ቤት፥ ነርሶቹ ሞርፊኑን በአፍ የሚጠጣ አድርገው፥ ሥቃዩ ከመመለሱ በፊት በየአራት ሰዓቱ ሲሰጡ አይታ ነበር። በ1958 በአይርላንድ መነኰሳይያት ይተዳደር ወደ ነበረው፥ በሃክኒ ወደሚገኘው ወደ ቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስ፥ ማለት ሊሞቱ የቀረቡ ሕሙማን ወደሚታገዙበት ቤት፥ በገባች ጊዜ ይህንኑ ሥርዐት አገባች፤ የያንዳንዱንም ሕመምተኛ ነገር እየጻፈች ስታከማች፥ ሥቃይን የሚቀድም መድኀኒት ሰውን ከማደንዘዝ ይልቅ እንደሚያነቃውና ከቤተ ሰቡ ጋራ እንደሚያነጋግረው ለሐኪሞቹ አሳየች።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ዕፅዋትና ስለ አዕዋፍ ለመናገር መጥቼ ወደ መድኀኒት ቤት ስለ ገባሁ አይደለም። በዘመናችን በተፈጥሮ የሚደረግ ምክርና ሕክምና የሚሉት ነገር ሲስፋፋ፥ ይህ የመጀመሪያው ክፍል እየተዘለለ ስለማይ ነው። በሥቃይ ለሚንፈራገጥ ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ዛፍ፥ ለራብተኛ ሰው በግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ የማዕድ ሥዕል ነው፤ ጭራሽ ባያየው ይሻለው ነበር። የአማካሪው የመጀመሪያ ምስክርነት እንግዲህ፥ ይህ ሰው ማስታገሻው በሰዓቱ አልደረሰውም ብሎ ለሐኪሙ በድፍረት መናገር ነው።

ሥቃዩ ከታገሠ በኋላ ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። ሳንደርስ በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፥ ስለ ሕመሟ የጠየቀቻት አንዲት ሴት ከጀርባዋ ጀምራ፥ ወደ ባሏና ወደ ልጇ ጭንቀት፥ ወደ ገንዘብ እጦትና ወደ ብቸኝነት አልፋ፥ በመጨረሻም ሁለመናዋ እንደ ታመመ ስትነግራት፥ የሥቃይን ምልዐት የሚያስረዳውን ሐሳብ ከዚያ አገኘች፤ ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን፥ የልቡናም፥ የኑሮም፥ የነፍስም መሆኑን፥ አንዱም ሳይነካ ሌላው ሙሉ በሙሉ እንደማይታገሥ አስተማረች። የእኛ አባቶች የሥጋንና የነፍስን ነገር ለያይተው ማየትን ስለማያውቁ ይህ ለእኛ አዲስ ላይመስል ይችላል፤ ሆኖም በሆስፒታል ሰነድ ላይ የተጻፈ የሕክምና ሐሳብ መሆኑ ትልቅ ለውጥ ነበረ።

በ1967 በደቡብ ለንደን በሲድናም የቅዱስ ክሪስቶፎር ሆስፒስ በ54 አልጋዎች ተከፈተ። በመግቢያው ላይ ለዴቪድ ታስማ መታሰቢያ የሆነው መስኮት አለ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ሥዕልና ኅብረ ቀለም የሌለበት፥ ወደ ውጭ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ተራ መስተዋት ነው። ሳንደርስ ሃይማኖቷ የጸና ክርስቲያን ሆና ሳለ የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን አለመምረጧ ለእኔ የአማካሪነት ሙያዋን ያሳየኛል፤ መስኮቱ የአንድ አይሁዳዊ መታሰቢያ ነበርና፥ እያንዳንዱ የሚያየውን ራሱ እንዲያይበት ተወችው። ቤቱ የአትክልት ስፍራ ነበረው፤ ሕሙማኑም በአልጋቸው ላይ እንዳሉ ተገፍተው ወደዚያ ይወጡ ነበር። በቅጥሩ ውስጥ የሠራተኞቹ ሕፃናት የሚውሉበት ክፍልም ስለ ነበረ፥ የሚሞተው ሰው የሚጫወቱ ልጆችን ያይ ነበር። በ1969 ደግሞ ነርሶች ወደየቤቱ እየሄዱ መጠየቅ ጀመሩ። ሳንደርስም ብዙ ማዕርግና ክብር ካገኘች በኋላ፥ በ2005 ያረፈችው በዚያው ራሷ ባሠራችው ቤት ነው።

አሁን ስለ መስኮቱ የሊቃውንቱን ምርምር እንመልከት። የሳንደርስ ትምህርት ቤት መሥራች የነበረችው ናይቲንጌል፥ በ1859 ባሳተመችው ስለ ማስታመም በሚናገረው መጽሐፏ፥ ከአልጋው ሆኖ ወደ ውጭ ማየት ለማይችል በሽተኛ የግድግዳው አንድ ዐይነትነት ምን ያህል ሥቃይ እንደ ሆነ፥ የአበባ እቅፍም ምን ያህል ደስታ እንደሚሰጥ ጽፋ፥ ይህ ለልቡና ብቻ ሳይሆን ለሥጋም የሚጠቅም ነው ብላ ነበር። ከእርስዋም በፊት በ1796 ዊልያም ቱክ የተባለ የሻይ ነጋዴ፥ ክዌከር ከተባለው የክርስቲያን ማኅበር ወንድሞቹ ጋራ በዮርክ ከተማ ለአእምሮ ሕሙማን ባቋቋመው ቤት፥ ሰንሰለቱንና ግርፋቱን ትተው፥ ሕሙማኑ በአትክልት ስፍራ እንዲሠሩና ጥንቸልና ዶሮ እንዲያረቡ አድርገዋል። ይህ ሁሉ ግን የመልካም ሰዎች ማስተዋል እንጂ በቊጥር የተመዘነ ነገር አልነበረም።

በቊጥር የመዘነው ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በፔንሲልቫኒያ በአንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ሰዎችን ሰነድ አገላብጦ፥ ከክፍላቸው መስኮት ጥቂት ዛፎችን ያዩ የነበሩ 23 ሕሙማንን፥ በዕድሜ፥ በጾታና በመሳሰለው ከሚመስሏቸው፥ ነገር ግን ቡናማ የጡብ ግድግዳ ብቻ ያዩ ከነበሩ 23 ሰዎች ጋራ አስተያየ። ዛፎቹ ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ስለ ሆኑ፥ የመረጠው ቅጠል ባለበት ወራት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ የታከሙትን ብቻ ነው፤ ይህን ጥንቃቄ ሳነብ ተመራማሪውን አከበርኩት። ዛፍ ያዩት በአማካይ ወደ 8 ቀን ገደማ፥ ግድግዳ ያዩት ደግሞ 8.7 ቀን ተኝተዋል፤ ዛፍ ያዩት ብርቱውን ማስታገሻ በጥቂቱ ወስደዋል፤ ነርሶቹም በመዝገባቸው ላይ እያለቀሰ ነው፥ ማበረታቻ ያስፈልገዋል ብለው የጻፉባቸው ጊዜ ግድግዳ ካዩት ሰዎች እጅግ ያነሰ ነው። ጽሑፉ በ1984 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ የሆስፒታል ሕንፃ የሚያቅዱ ሰዎች ሁሉ ይጠቅሱታል።

ልብ አድርጉ፤ 46 ሰዎች ጥቂት ናቸው፥ የተሻለው ጊዜም አንድ ቀን አይሞላም፥ ሰዎቹም የሚድኑ እንጂ የሚሞቱ አልነበሩም። ከዚህ ተነሥቶ ዛፍ ነቀርሳን ያድናል የሚል ሰው፥ የኡልሪክን ጽሑፍ አላነበበውም ወይም አንብቦ ሸጦታል። የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት በ1982 ሕዝቡ በደን ውስጥ ቀስ ብሎ እየተራመደ አየሩንና ሽታውን እንዲቀበል የሚያበረታታ ልማድ ጀምሮ፥ ዛሬ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል፤ ጭንቀትን በማርገብ ረገድ የሚያመጣውን ጥቅም የሚደግፉ ምርምሮችም አሉ፤ ነገር ግን ወደ ጫካ ለመሄድ እግር ያስፈልጋል፥ እኛ የምናወራለት ሰው ግን ከአልጋው አይነሣም።

ከሁሉም ይበልጥ ለዚህ ሰው የሚቀርብ ታሪክ የማጊ ኬስዊክ ጄንክስ ነው። ይህች ስኮትላንዳዊት በ1978 ስለ ቻይና የአትክልት ቦታዎች የታወቀ መጽሐፍ የጻፈች፥ ስለ ዛፍና ስለ ውሃ አሰላለፍ የተማረች ሴት ነበረች። የጡት ነቀርሳዋ በ1993 ተመልሶ በመጣ ጊዜ፥ የቀራት ዕድሜ ሁለት ወይም ሦስት ወር እንደ ሆነ ሐኪሙ ከነገራት በኋላ፥ ሌላ ሕመምተኛ የሚጠብቅ ስለ ነበረ፥ እርስዋና ባሏ መስኮት በሌለው መተላለፊያ ውስጥ ተቀምጠው ያን ወሬ እንዲቀበሉ ሆነ። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ የሕንፃው ነበረ። እርስዋ ግን ከተባለው ይልቅ እስከ 1995 ኖራ፥ በቀራት ጊዜ የነቀርሳ ሕሙማን ሻይ እየጠጡ፥ አትክልት እያዩ የሚመከሩበትን ቤት አቀደች፤ የመጀመሪያው ቤት ከሞተች በኋላ በ1996 በኤዲንብራ ተከፈተ፥ ዛሬም በስሟ የሚጠሩ ብዙ ቤቶች አሉ።

እንግዲህ አማካሪው በአልጋው አጠገብ ምን ያደርጋል? ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ነገር ትንሽ ነው። ሰውየው ከየት አገር እንደ መጣ፥ በልጅነቱ ቤቱ ከወንዝ ማዶ ይሁን ከተራራ ሥር፥ ጧት ሲነሣ ምን ይሸተው እንደ ነበር ይጠይቃል፤ ጆሮና አፍንጫ ምላስ የረሳውን ያስታውሳሉና። የአገራችን ሰው ከሆነ፥ ጤና አዳም ወይም አሪቲ ቆርጦ በእጁ ቢያስይዘው፥ በሽታው ከያዘው ጊዜ ጀምሮ ያልተናገረውን የእናቱን ነገር ሊያነሣ ይችላል። አልጋው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወደ ደጅ ያወጣዋል፤ የማይንቀሳቀስ ከሆነ አልጋውን ወደ መስኮቱ ያዞረዋል፤ መስኮቱ የማይከፈት ከሆነ ማን እንደዘጋው ይጠይቃል። ለልጆቹ የሚተወው ችግኝ ካለ ከልጁ ጋራ ያስተክለዋል።

ማድረግ የሌለበት ነገር ደግሞ ይበዛል። ቅጠል ሲረግፍ እያሳየ፥ አንተም እንዲሁ ነህ ብሎ መስበክ የለበትም፤ ሕመምተኛው ራሱ ካለው ግን ዝም ብሎ ይስማው። ዕድሜ ልኩን በመሬት ሲደክም የኖረ ገበሬ አፈር ማየት ሰልችቶት ሬዲዮ መስማት ቢመርጥ፥ ሬዲዮኑን ይክፈትለት፤ ሥነ ፍጥረትን የሚወድ ሁሉ ከተሜ መሆኑን ብዙ ጊዜ ታዝቤአለሁ። መተንፈስ የሚያስቸግረው ሰው ዘንድ የአበባ ሽታ መከራ ይሆናልና ነርሷን ሳይጠይቅ አበባ አያግባ።

ወደ አገራችን ነገር ስመጣ፥ ሁለት ነገር ያስደንቀኛል። አንደኛው፥ ደኑ በተመነጠረበት በሰሜኑ ደጋ፥ በደቡብ ጎንደር እንደሚታየው፥ ጽዱ፥ ወይራውና ዝግባው ተጠብቆ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ መሆኑ ነው። ሙታን የሚቀበሩትና የአገሩ ጥንታዊ ዛፍ የሚያድገው በአንድ ስፍራ ነው፤ እንጨቱን ከመቈረጥ የጠበቀው የደን ጥናት ሳይሆን የቦታው ቅድስና ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛም የሚያርፈው በዚሁ ጥላ ሥር ነው። አውሮፓውያን ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ በአትክልት ስፍራ አስመስለው ሊሠሩት የሚደክሙለትን ነገር እኛ በእጃችን ይዘነው፥ ለሕሙማኑ ግን ሆን ብለን አልተጠቀምንበትም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። መርዶን የምንናገርበት ሥርዐት ከሌሎች ሕዝቦች ሁሉ የጠለቀ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሰውየው ሥራ ላይ ወይም መንገድ ላይ ሳለ አይነገረውም፥ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ ይሄዳል፥ የሚደግፈው ሰው በግራና በቀኝ ይቆማል። ዕድሩም ድንኳኑን፥ ወንበሩንና ቀብሩን ያዘጋጃል። ለሞተው ሰው ፍትሐቱና መጽሐፈ ግንዘቱ አለለት። ነገር ግን ሊሞት ለቀረበው ለራሱ ሰው ሕመሙን የምንነግርበት እንዲህ ያለ ሥርዐት የለንም፤ ሐኪሙ ወንድሙን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ሹክ ይለዋል፥ ወንድሙ ለሚስቱ፥ ሚስቱ ለአክስቱ፥ በመጨረሻም ከበሽተኛው በቀር የማያውቅ አይኖርም፤ በሽተኛውም ያውቃል፥ ግን እነርሱ እንዳይጨነቁ እንዳላወቀ ይሆናል። እንዲህ ሁለቱ ወገኖች እየተሸሸጉ፥ ይቅር ሳይባባሉ፥ ንብረቱም ሳይነገር፥ ቀኑ ያልፋል። ለመርዶ ያለን ጥበብ ሰው ሳይሞት ሊሠራ የማይችልበትን ምክንያት አላየሁም፤ ሰውን አስቀምጦ፥ ወዳጅ አቅርቦ፥ ሊሰማ የፈለገውን ያህል ብቻ መንገር ነውና።

በዚህ ረገድ የተጀመረው ሥራ እንዳለ ልትረሱ አይገባም። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ያቋቋሙት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ነርሶችን ወደየሕሙማኑ ቤት እየላከ ሲያገለግል ኖሯል፤ ሥራውን የሚያውቀው ሕዝብ ግን ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2014 የማስታገሻ እንክብካቤ በየአገሩ የጤና አገልግሎት ውስጥ እንዲገባ ወስኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፥ በዓለም ላይ ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት ከመቶ 14 የሚሆኑት ብቻ ናቸው።

አማካሪዎቹን ከየት እናግኝ ለሚለው ጥያቄ፥ እኔ አዲስ ሰው ከመፈለግ በፊት የንስሓ አባቶችን አስባለሁ። ወደ ቤት ያለ ቀጠሮ ይገባሉ፥ ኑዛዜ ይቀበላሉ፥ ቀንዲል ይቀባሉ፥ ምስጢር ይጠብቃሉ፤ የሚጐድላቸው ስለ ሥቃይና ስለ ማስታገሻ ማወቅ፥ ሕመምተኛው ራሱ ከሚናገረው በፊት አለመናገርን መልመድ ነው። በሌላው ሃይማኖት ያሉትም አስተማሪዎች እንዲሁ ናቸው። ከእነርሱ ጋራ አንድ ነርስና አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቢጨመር፥ ሳንደርስ ሦስት ጊዜ ተምራ በአንድ ራሷ ላይ ያከማቸችውን ሙያ በአንድ ቤት ውስጥ ማግኘት ይቻላል።

የሚቀረው ሞርፊኑ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ያለችው ኡጋንዳ፥ አን ሜሪማን የተባለች ሐኪም በ1993 በካምፓላ ካቋቋመችው ሆስፒስ ጀምሮ፥ የሚጠጣውን ሞርፊን ከዱቄቱ በአገር ውስጥ እያዘጋጀች ትሰጣለች፤ ሐኪሞች ስለማይበቁም በዚህ ሙያ ልዩ ትምህርት የተማሩ ነርሶች እንዲያዙት በሕግ ፈቅዳለች። የእኛ የገጠር ሕመምተኛ ሐኪም ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደሚጓዝ ለምታውቁ ለእናንተ ይህ ሕግ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በአዳራሹ ውስጥ የሕግና የጤና ባለሥልጣኖች እንዳላችሁ ስለ ተነገረኝ፥ የቀረውን ጊዜ ለጥያቄ እተዋለሁ፤ ስለ ነርሶቹ ፈቃድ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ለእናንተ ባቀርብ ደስ ይለኛል።